ዓይኔ ሲቀላ የድሮው በሽታ የተመለሰ መስሎኝ ነበር

ባለፈው ዓመት በጥር ወር መጨረሻ፣ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ተቀምጬ የመንፈቀ ዓመቱን የፈተና ወረቀት ሳርም የግራ ዓይኔ ቀላ። አምፖሉ ወጋኝ፣ እንባዬ አልቆም አለ፣ የተማሪዎቼ ጽሕፈትም ጭጋግ እንደ ወረደበት ሜዳ ደበዘዘብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዩቪያይቲስ ከሚባል በሽታ ጋር የኖረ ሰው እነዚህን ምልክቶች ሲያይ ነጋሪ አይፈልግምና «ተመለሰብኝ» አልሁ። ከመሳቢያዬ ካለፈው ሕክምና የተረፈ ፕሬድኒሶሎን የሚባል፣ ቁጣን የሚያበርድ የስቴሮይድ ጠብታ አወጣሁና በየሁለት ሰዓቱ ማድረግ ጀመርሁ። አምስት ቀን በዚሁ ቀጠልሁ። በእነዚያ አምስት ቀናት ያደረግሁት ነገር ዓይኔን ለማጣት ምን ያህል እንዳቀረበኝ ያወቅሁት ኋላ ነው። ይህን የምጽፈውም እንደ እኔ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት እየወሰዱ፣ ከዓይን ሐኪም ርቀው በየወረዳው የሚኖሩ ሰዎች ያንን ጠርሙስ ከማንሳታቸው በፊት እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ዩቪያ የሚባለው ከዓይን ነጩ ሽፋን ሥር ያለ፣ የደም ሥር የበዛበት የዓይን ክፍል ነው፤ በብሌኑ ዙሪያ የምናየው ባለ ቀለም ክብም የእርሱ አካል ነው። ይህ ክፍል ሲቆጣ ዩቪያይቲስ ይባላል። መነሻው አንዳንድ ጊዜ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ቂጥኝ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ፣ እንዲሁም ሄርፒስ የሚባሉት ቫይረሶች ያመጡታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዓይንን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ብዙ ሰው ደግሞ ተመርምሮ ተመርምሮ መነሻው ሳይገኝለት ይቀራል። እኔ ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ነኝ። ሁለቱም ዓይኖቼ ታመው፣ ከደብረ ማርቆስ በሪፈር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ፣ ደጀንን አልፌ የዓባይን በረሃ ወርጄና ወጥቼ አዲስ አበባ ስደርስ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ራሴ ማንበብ ተስኖኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የታዘዘልኝ የምርመራ ወረቀት ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ፣ የደረት ራጅ ይል ነበር። ቅር አለኝ። ዓይኔን ብዬ መጥቼ በሌላ ነገር የተጠረጠርሁ መሰለኝ፤ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሜ ወረቀቱን ለሁለት አጥፌ በመዳፌ እንደ ሸፈንሁት አስታውሳለሁ። ሐኪሟ ፊቴን አይታ ገብቷት ነበርና፣ «የምሰጥሽ መድኃኒት ሰውነትሽ ውስጥ የተኛውን ሁሉ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ምን እንደ ተኛ ሳላውቅ አልጀምርልሽም» አለችኝ። የዚህ ቃል ትርጉም በደንብ የገባኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የጉበት ቢ ቫይረስ ያለበት ሰው መከላከያው ሲዳከም በሽታው ሊነሣበት ይችላል፤ ቂጥኝም ዓይን ውስጥ ገብቶ ማንኛውንም ዓይነት ዩቪያይቲስ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ያ ወረቀት የታዘዘለት ሰው እንደ እኔ እንዳይሸፍነው እመኛለሁ።

ከዚያ በቀን 60 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ተጀመረልኝ፤ እየተቀነሰ እየተቀነሰ 10 ደረሰ፤ ከእርሱም ጋር በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ እሑድ ማታ የምውጠው፣ መከላከያን የሚያዳክም ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን ታከለ። በሳምንት አንድ ቀን የሚለውን ደግሜ እናገራለሁ፤ ይህን መድኃኒት ተሳስቶ በየቀኑ መዋጥ ሰው ይገድላልና። እነዚህ መድኃኒቶች ዓይኖቼን አተረፉልኝ። ስለ አደጋቸው የምጽፈው ሁሉ ይህን ውለታ ረስቼ አይደለም።

ሥራቸውን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የምጠቅሰው የበቆሎ ማሳ አለ። በአገራችን በቆሎ ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮና ከርከሮ በወንጭፍ ይከላከላሉ። ጠባቂው ዓይኑ ተጋርዶበት የባለቤቱን ላም መውገር ቢጀምር ወንጭፉን መቀማት ግድ ነው፤ ላሟ ትተርፋለች። ማሳው ግን በዚያ ሰዓት ጠባቂ የለውም። በሄርፒስ ጉዳይ ከዚህም የባሰው፣ አውሬው ከጫካ የሚመጣ አለመሆኑ ነው፤ ድሮውንም እዚያው ማሳ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ሄርፒስ ቫይረስ አብዛኛውን ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ50 ዓመት በታች ካሉ የዓለም ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ተሸካሚ ናቸው ይላል። አንዴ ከገባ አይወጣም። የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ በራስ ቅል ውስጥ ቋጠሮ በሚሠራበት ቦታ ተኝቶ ይኖራል። ከዚያ ቋጠሮ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ከንፈር ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ዓይን። መከላከያው ነቅቶ ሲጠብቅ ቫይረሱ ይተኛል፤ ትኩሳት፣ ድካም፣ ወይም እንደ እኔ ያለው መድኃኒት ሲያዳክመው በአንዱ ቅርንጫፍ ይወርዳል።

እናቴ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ታውቀው ነበር። ለአስተርዮ ማርያም ከአማኑኤል በኩል ካለው ቀበሌያችን መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች። ጥምቀትን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ ውዬ፣ ሌሊቱን ደግሞ የማርቆስ ብርድ አግኝቶኝ ትኩሳት ይዞኝ ነበርና ከንፈሬ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ወጥተው ነበር። «ምች ነው ልጄ» አለች፤ ከጎረቤት ጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ በመዳፏ አሽታ አሸተተችኝ፤ ግንባሬንም ቀባችኝ። ምች የሚለው ስም ብዙ ነገር ያቅፋል፣ ራስ ምታቱንም ትኩሳቱንም፤ ነገር ግን ከትኩሳት ጋር ከንፈር ላይ የሚወጣውን ያንን ቁስል የሐኪሞቹ መጽሐፍ ሄርፒስ ይለዋል። በሳምንቱ ዓይኔ ሲቀላ ደግሞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችኝና፣ «ምቹ ወደ ዓይንሽ ወጣ» አለች።

«እማዬ፣ ይኸ የድሮው በሽታዬ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ» አልኋት። ዳማከሴውን ወደ ዓይኔ እንዳታስጠጋው ብቻ ለመንኋት፤ ያ ልመናዬ ትክክል ነበር፤ የቅጠል ጭማቂ ለቆሰለ ዓይን አይሆንምና። ስለ በሽታው ግን እርሷ ልክ ነበረች፣ እኔ ተሳስቼ ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት ከንፈሬ ላይ የወጣው ቁስል፣ ሁለቱ ዓይኖቼ ሳይሆኑ አንዱ ብቻ መቅላቱ፣ ከውስጥ የሚጠዘጥዘው የድሮው ሕመም ቀርቶ አሸዋ የገባ ያህል የሚቆረቁረኝ መሆኑ፣ ሁሉም ፊት ለፊቴ ተደርድረው ነበር። አንዱንም አላየሁም፤ አስቀድሜ ስም አውጥቼለት ነበርና።

ወደ አዲስ አበባ እንዳልሄድ መንገዱ በየጊዜው የሚዘጋበት ወቅት ነበር። ለነገሩ ያ ጠብታ ተርፎ መሳቢያዬ ውስጥ የቆየውም በዚሁ ምክንያት፣ የቀጠሮዬ ቀን ሁለት ጊዜ አልፎብኝ ነው። በስድስተኛው ቀን ሕመሙ ቀነሰ፤ እይታዬ ግን ባሰ። ይህ ግራ አጋባኝና እዚያው ከተማችን ወዳለው የዓይን ሕክምና ክፍል ሄድሁ።

ሐኪሙ ገና ዓይኔን ሳያይ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቀኝ። ጠብታውን ነገርሁት። «ሌላስ? የሚዋጥ?» አለኝ። የእሑዱን ክኒን የዓይን መድኃኒት አድርጌ ስለማላስበው ሳልናገረው ልቀር ነበር። ሜቶትሬክሴት ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያም ምንም የሚያደነዝዝ ነገር ሳያደርግብኝ በቀጭኑ በተጠቀለለ የጥጥ ጫፍ የቀኝ ዓይኔን ኮርኒያ፣ ማለትም ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን ነካው፤ ደንግጬ ራሴን ወደ ኋላ ጎተትሁ። ግራውን ሲነካው ግን የመንካቱን ያህል እንኳ አልተሰማኝም። ሄርፒስ የሚጓዝበትን ነርቭ ራሱን ስለሚጎዳ የዓይኑ ስሜት ይደነዝዛል፤ በስድስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ያልሁት ሕመም የቀነሰው በከፊል በዚህ ነበር። የሕመም መቀነስ እንዲህ ሊያታልል እንደሚችል ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም።

ቀጥሎ ብርቱካናማ ቀለም የተነከረ ወረቀት ወደ ዓይኔ አስጠግቶ አስነካኝና ሰማያዊ ብርሃን አበራ። የኮርኒያው የላይኛው ቆዳ የተላጠበት ቦታ በዚህ ቀለም አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በስልኩ በማጉያው መሣሪያ በኩል ፎቶ አንሥቶ አሳየኝ፤ ቅጠሉ የረገፈ የግራር ቅርንጫፍ ይመስል ነበር፣ በየጫፉ ትንንሽ እንቡጥ ያለው። አንደኛው ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ይልቅ ሰፍቶ፣ ጠርዙ እንደ ሐይቅ ዳር ተጣሞ ነበር። «እዚህ ጋ ያሰፋው ጠብታው ነው» አለኝ፤ በቁጣ አልነበረም የተናገረው።

በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ጭብጥ እዚህ ነውና። ከራሱ ከሰውነት መከላከያ በመጣ ዩቪያይቲስ ላይ ስቴሮይድ ጠብታ መድኃኒት ነው፤ ቢዘገይ ባለ ቀለሙ ክብ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ይጣበቃል፣ ዓይን ይጎዳል። ቫይረስ ባቆሰለው ኮርኒያ ላይ ግን ያው ጠብታ ቫይረሱ ያለ ከልካይ እንዲባዛ ያደርገዋል፤ የቅርንጫፍ ቅርጽ ያለው ቁስል ሰፊ ሜዳ ይሆናል፤ ሲብስም ኮርኒያው እየሳሳ ሊበሳ ይችላል። መቅላቱ አንድ ነው፣ እንባው አንድ ነው፣ ብርሃን መፍራቱ አንድ ነው፤ የሚያስፈልገው ሕክምና ግን ተቃራኒ ነው። በመስተዋት ፊት ቆሞ ይህን የሚለይ ታማሚ የለም፤ እኔም ሦስት ዓመት ታምሜ አልለየሁትም። የከፋው ደግሞ ስቴሮይዱ መጀመሪያ ላይ መቅላቱን ስለሚያደበዝዘው በሽተኛው መድኃኒቱ እየሠራለት ይመስለዋል። በየፋርማሲው ለቀላ ዓይን ሁሉ ያለ ሐኪም ማዘዣ ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ የሚሸጡ ባለሙያዎች ይህን አንድ ነገር ቢያስቡልን ምንኛ ደስ ባለኝ። በችኮላና በደግነት የሚሰጥ ጠብታ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚያጠፋው ግን ዓይን ነው።

ጠብታው በዚያው ሰዓት ቆመ። የሚዋጠውን ፕሬድኒሶሎን ግን እንዳላቋርጠው አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው ሰውነቱ የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማመንጨት ስለሚያቆም፣ በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ስለ ሜቶትሬክሴቱ አዲስ አበባ ካለችው ሐኪሜ ጋር በስልክ ተነጋግረው ለአጭር ጊዜ እንዲዘለል ወሰኑ። ከዚያም አሲክሎቪር የሚባል የሄርፒስ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ 400 ሚሊግራም፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ከብዙ ውሃ ጋር፤ መድኃኒቱ በኩላሊት ስለሚወጣ ውሃው አስፈላጊ ነው። አምስት ጊዜ መዋጥ ለአስተማሪ ቀላል አይደለም። ደወል በተደወለ ቁጥር ጠርሙሴን ይዤ ከክፍል ስወጣ ተማሪዎቼ ሰዓቱን ከእኔ ይልቅ አጠኑት፤ የፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ክኒንዎን» ትለኝ ነበር።

በክትትሉ ቀን ከእኔ ጎን አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንድ የደብረ ወርቅ አካባቢ ገበሬ ግማሽ ግንባራቸውንና የቀኝ ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር። እርሳቸውም እንደ እኔ ለዩቪያይቲስ ለወራት ፕሬድኒሶሎን ሲወስዱ የቆዩ ናቸው። «አልማዝ ባለጭራ ናት፤ ሌሊት ሄዳብኝ ነው አሉኝ» አሉ። ይህም ቫይረስ ነው፤ ጉድፍ ወይም ቺክንፖክስ የሚባለውን፣ በልጅነት ሰውነትን ውሃ በቋጠረ ሽፍታ የሚሞላውን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ከዓመታት በኋላ በአንድ ነርቭ መስመር ብቻ ሲነሣ ነው አልማዝ ባለጭራ የሚሆነው። ከግንባር መካከለኛ መስመር አያልፍም፤ ወገን ይለያል። የአፍንጫቸው ጫፍ ላይም ቁስል ነበረ፤ ሐኪሞች ይህን ሲያዩ ይፈራሉ፤ የአፍንጫን ጫፍ የሚያዳርሰው የነርቭ ቅርንጫፍ ወደ ዓይን ውስጥም ስለሚገባ ዓይኑ የመነካቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። የዚህ በሽታ መድኃኒትም አሲክሎቪር ነው፤ መጠኑ ግን ከፍ ይላል፣ 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ፣ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። እኒያ አባት የመጡት በዘጠነኛው ቀን ነው። ጸበል ሄደው ነበር፤ ጸበሉን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም፣ እኔም እሄዳለሁ። ያሳዘኑኝ ግን ያለፉት ቀኖች ናቸው። በዚያ ዘጠኝ ቀን ማንም «አባባ፣ የሚወስዱት ክኒን መከላከያ ያዳክማል፤ ዛሬውኑ ይሂዱ» አላላቸውም።

ሐኪሙ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ግን የማይቀላውን ዓይን ነው። እነዚሁ የሄርፒስ ቫይረሶች ሬቲናን፣ ብርሃን ተቀባዩን የውስጥ ሽፋን፣ ሊይዙ ይችላሉ። በሄርፒስና በአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ የሚመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው ዓይነት፣ በቀናት ውስጥ ሬቲናውን እየገደለ ከዳር ወደ መሐል ይገሰግሳል፤ ደህና በነበረ ሰውም ላይ ይመጣል። ሲኤምቪ የሚባለው ሌላው የዚህ ቤተሰብ ቫይረስ ደግሞ መከላከያው በጣም የወደቀውን ሰው ይጠብቃል፤ ሲዲፎር የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሶቻቸው ቁጥር ከ50 በታች በወረደ የኤችአይቪ ታማሚዎች ላይ የታወቀውም እርሱ ነው። ነገር ግን ኤችአይቪ በሌለባቸው፣ ለዩቪያይቲስ ጠንካራ መድኃኒት በሚወስዱ ወይም ዓይናቸው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ በተወጉ ሰዎችም ላይ ታይቷል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ አንዳንዴም ፈጽሞ አያቀላም። ሰውየው የሚያየው የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጥቦችን፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገርን፣ ከዳር የጠፋ የእይታ ክፍልን ነው። አሲክሎቪር ለሲኤምቪ እምብዛም አይሠራም፤ ጋንሲክሎቪር የሚባል ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። ስለዚህ እነዚህ ነጥቦች በድንገት የበዙበትና እንደ እኛ የሚታከም ሰው ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናው መታየት አለበት፤ ቀጠሮው ወር ቢቀረውም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ጥያቄ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ከመጀመሪያውስ ዩቪያይቲሴ ራሱ የቫይረስ ቢሆን ኖሮ? ሄርፒስም ሲኤምቪም ከፊት ያለውን የዓይን ክፍል አስቆጥተው ተራ ዩቪያይቲስ ሊመስሉ ይችላሉና። ይህን ለሐኪሜ ሳነሣላት ጥያቄዬን አልናቀችውም። የቫይረሱ ዩቪያይቲስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይን እንደሚይዝ፣ በቁጣው ሰዓት የዓይንን ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ፣ ባለ ቀለሙን ክብ በቦታ በቦታ አሳስቶ ብርሃን እንደሚያሳልፍ እያስረዳች የሦስት ዓመት ካርዴን ከኋላ ወደ ፊት አብራኝ ገለጠች። የእኔ በሁለቱም ዓይን፣ ግፊቱ ዝቅ ብሎ የመጣ ነበር። ከዓይን ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ተቀድቶ ፒሲአር በሚባለው፣ የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ ቢመረመር ይበልጥ እርግጠኛ ይኮናል፤ ያን ማድረግ በማይቻልበት ቦታ ግን ሐኪሙ የሚመዝነው እነዚህን ምልክቶች ነው። ያን ዕለት ካርድን አለመጣል ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ቁስሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ከብሌኔ ጠርዝ አጠገብ ቀጭን ጠባሳ ቀርቶልኛል፤ ማታ የመኪና መብራት ሲመጣ ይበተንብኛል። ሜቶትሬክሴቱ ተመልሷል። ከእርሱ ጋር ግን አሁን በቀን ሁለት ጊዜ 400 ሚሊግራም አሲክሎቪር እወስዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በዚህ መጠን ለ12 ወራት ከወሰዱት ሰዎች የዓይን ሄርፒስ የተመለሰባቸው 19 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 32 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱ መከላከያቸው ደህና በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ ለእኔ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ሐኪሜም ይህን ሳትደብቅ ነግራኝ፣ እኔ ግን ይበልጥ እንደሚያስፈልገኝ ፈርዳለች።

ባለፈው ሰኔ ሌሊት፣ በዚያው ሕክምና ክፍል የተዋወቅሁት የቡሬ ልብስ ሰፊ ልጅ ደወለልኝ። «እታለም፣ ዓይኔ ቀላ፤ የድሮው ጠብታ አለኝ፤ ላድርገው?» አለኝ። ከንፈሩ ላይ ቁስል እንዳለ ጠየቅሁት፣ የለም አለ። አንዱ ዓይን ነው ሁለቱ? አንዱ። አላደርገውም ብሎ እስኪምልልኝ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም፤ ሲነጋ በመጀመሪያው መኪና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር ገባ። ከሰዓት በኋላ ደወለ። በሰማያዊው ብርሃን ታይቶ ኮርኒያው ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል፤ የጥጡም ጫፍ አስደንግጦታል፤ የተመለሰበት የድሮው በሽታው ራሱ ነበር። የታዘዘለትም ያው ፕሬድኒሶሎን ጠብታ ነው፣ በአዲስ ጠርሙስ። መኪና እየጠበቀ እንደሆነና የመጀመሪያውን ጠብታ እዚያው መናኸሪያ ተቀምጦ እንዳደረገ ነገረኝ።